ምስክር አፍንጫ

የጋሽ ኩምሳ አፍንጫ በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጠ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። መታወቂያው ላይ ፊቱ የለም። አፍንጫው ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ፎቶ ከፊት፣ አንድ ፎቶ ከጎን። ከሥሩ «ምስክር አፍንጫ፣ አንደኛ ደረጃ» ይላል። ኬላ ላይ ሲያስቆሙን መታወቂያውን ያወጣና ቀና ይልላቸዋል፣ እንዲያስተያዩ።

እኔ ዳጊም እባላለሁ። ከትምህርት ጋር የተጣላነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፣ እስካሁን አልታረቅንም። ሥራዬ መቆፈር ነው። ድሮ ማደያ የነበረበት ቦታ እንሄዳለን፣ ዙሪያውን ሦስት ቀጫጭን ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ቱቦ እንከታለን፣ ውሃ እንቀዳለን። የድሮ ሰዎች ያንጠባጠቡት ነዳጅ ከሥር ያለው ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የምናውቀው እንደዚያ ነው። እኔ ማደያ ሲሠራ አላየሁም። እናቴም በሕፃንነቷ አንዴ ነው ያየችው። ሰው ተሰልፎ መኪናውን የሚያጠጣበት ቦታ ነበር አሉ። ጋሽ ኩምሳ እንደሚለው ሰልፉ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ሰው መኪናው ውስጥ ያድር ነበር። ለውሃ ቢሆን ይገባኝ ነበር።

ጋሽ ኩምሳ ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ ነዳጅ ቀጂ። አሁን ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ቀርቶታል። ቤንዚን ምን ምን እንደሚል የሚያውቁ አፍንጫዎች እየተመናመኑ በአገሩ አሥራ አንድ ቀርተዋል፣ አንዱ የሱ ነው። ሕጉ ደግሞ ማሽን ብቻውን አይፈርምም ይላል። ውሃ የማይጠጣ ነገር ስለ ውሃ እንዴት ይመሰክራል ብለው ነው አሉ። ስለዚህ እኛ ቡድን ውስጥ ማሽኗም አለች፣ አፍንጫውም አለ። ማሽኗን እመቤት ነው የምንላት፣ ስታናግርህ እንደ እመቤት ስለሆነ። «ውድ ባለሙያ፣ ክዳኑን በትክክል ያልዘጉ ይመስለኛል» ትልሃለች። መስሏት አይደለም፣ አይታሃለች።

አፍንጫውን ለመጠበቅ ጋሽ ኩምሳ ሥራ ከመጀመሩ ሦስት ቀን በፊት ቃሪያ አይበላም፣ ሽንኩርት አይቀምስም። ቂንጬ ብቻ፣ ያውም ያለ ቅቤ። እኔ ይሄን ሳይ እጄን ይበላኛል። አንዴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ትራሱ ውስጥ ከተትኩለት። መኪናው ውስጥ ያለነው ሁላችን እያለቀስን ስናድር እሱ እንደ ሕፃን ተኛ። ጠዋት ተነስቶ «ጥሩ አየር ነው» አለ። እልኸኛ ሽማግሌ ነው፣ አውቆኝ ነው ብዬ ተውኩት።

የናሙናውን ጠርሙስ የምከፍትለት እኔ ነኝ። እከፍታለሁ፣ ክዳኑ ላይ የተረፈ ነገር እንዳይኖር በአፍንጫዬ ሥር አሳልፈዋለሁ፣ ከዚያ እሰጠዋለሁ። አንዴ ጀርባዬን ሰጥቼው ብከፍት እንዴት እንደተቆጣ። «ናሙና የሚከፍት ሰው ፊቱን ወደ ምስክሩ ያዞራል፤ ደንብ ነው» አለኝ። ደንብ ሲባል የት ተጽፏል ብዬ አልጠይቅም፣ ቢያሳዩኝስ ማን ያነበዋል።

ወለንጪቲ የደረስነው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪኖቹ ተከታትለው ይሄዳሉ፣ አንዱ ከሌላው እኩል ርቀው፣ እኩል ፍጥነት፣ ቀን ከሌት። ሾፌር የላቸውም። መንገዱን ለመሻገር እጅህን ታነሳለህ፣ ሁሉም አራት ሰከንድ ቀዝቀዝ ይሉልሃል፣ አራት ሰከንድ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ስለዚህ ሮጠው ነው የሚሻገሩት፣ ወለንጪቲ ውስጥ እግሩ የሰነፈ ሽማግሌ የለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ «የሾፌሮች ምግብ ቤት» የሚሉ ታፔላዎች እስካሁን ተሰቅለዋል። መኪኖቹ ግን አይርባቸውም። የምግብ ቤት ባለቤቶቹ አንዱ የአንዱ ቤት እየሄዱ ይመገባሉ፣ እንዳይረሱት ነው መሰለኝ።

ማደያው የነበረው መሃል ላይ ነው። ጣሪያው አለ፣ አራት ቋሚውም አለ። ከሥሩ የእትዬ ዘነቡ ሻወር ቤት ነው። ስምንት ክፍል አለው። ድሮ ሾፌሮች ከጅቡቲ ሲመጡ ጨውና አቧራቸውን የሚያራግፉበት ቤት ነበር፣ ሾፌሮቹ ሲጠፉ የሰፈሩ ስድሳ ቤት ሰው በተራ መታጠብ ጀመረ። ከሻወሩ ጀርባ ጉድጓድ አለ። ባሏ ከሁለት ሰው ጋር ሆኖ በእጁ የቆፈረው ነው። ስድሳው ቤት የሚጠጣውም፣ የሚታጠበውም ከሱ ነበር። ከአራት ወር በፊት እኛ የምንሠራለት ቢሮ አንድ የድሮ ፎቶ ሲያገላብጥ ቦታው ማደያ እንደነበር አወቀና ጉድጓዱ ላይ ቀይ ሪባን አሰረበት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በልክ የሚመጣለትን ውሃ በጀሪካን ነው የሚጠጣው። ሻወሮቹ ደርቀዋል።

እትዬ ዘነቡ ሰባ ዓመት ይሆናታል፣ ድምጿ ሞተር ቤት ያደገ ሰው ድምፅ ነው። እኛን ስታየን ደስ አላላትም። ከኋላችን የመጣውን ስታይ ደግሞ ጭራሽ።

ከኋላችን የመጣው የሲሚንቶ መኪናው ነው። ቢሮው ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ ብሎ ከእኛ ጋር አብሮ ይልከዋል። ሾፌር የለውም፣ ጀርባው ላይ ያለው በርሜል ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ውጤቱ ቀይ ከሆነ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ይሞላዋል። አረንጓዴ ከሆነ ዞሮ ይሄዳል። እስከዚያው ድረስ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ በርሜሉን እያዞረ ይጠብቃል። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም አላረፈም።

«ይሄ ምን ሊያደርግ መጣ?» አለች እትዬ ዘነቡ።

አለቃችን ኢንጂነር ሰሚራ በትህትና አስረዳቻት። ጉድጓዱ ከተሞላ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚዛወር፣ አዲስ ፎቅ እንደሚሰጠው፣ አሳንሰር እንዳለው ነገረቻት።

«ውሃውስ?»

«ውሃ በመስመር እስኪገባ በጀሪካን ነው።»

እትዬ ዘነቡ መኪናውን ከጎማው እስከ በርሜሉ አየችው። ከዚያ ለእኛ ወንበር አወጣችልን፣ አራቱንም መደገፊያ የሌላቸው።

ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከላይ በኩል፣ ሁለተኛውን በጎን፣ ሦስተኛውን በማደያው የተቀበረ የነዳጅ ጋንና በእትዬ ዘነቡ ጉድጓድ መሃል። ዋናው ሦስተኛው ነው። መሬት ውስጥ የሄደ ነገር ካለ ወደሷ ሳይደርስ እዚያ ላይ ነው የሚያዘው። መቆፈሪያው ዘንግ በዘንግ እየተቀጠለ ይወርዳል፣ ሃያ አራት ሜትር። ከዚያ ታችኛው ጫፉ እንደ ወንፊት የተሰነጣጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፣ ዙሪያው አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ፣ ከላይ የብረት ክዳን ከነቁልፉ። የሸክላ ጠጠሩን አንዴ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቆሎ ነው ብዬው በልቶታል። ሁለት ቀን ምግብ አልፈለገም። በኋላ ስንለያይ አልተሰናበተኝም።

በዚህ ሙያ አንድ ነውር አለ። ዘንጎቹ የሚቀጣጠሉበት ብሎን ላይ የኑግ ዘይት ነው የሚቀባው። ግሪስ አይነካም። ግሪስ ከራሱ ከነዳጅ ወገን ስለሆነ፣ ጣትህ ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ንጹሑን ውሃ ያሳማዋል። ግሪስ ሲቀባ የተያዘ ቆፋሪ ከሥራው ይባረራል፣ ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ ስሙ ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት «ግሪሴ» ነው የሚባለው። አዳማ ላይ አንድ ግሪሴ አውቃለሁ፣ ሠርጉ ላይ ሳይቀር እንደዚያ ብለው ነው የዘፈኑለት።

ማክሰኞ አንደኛው ጉድጓድ ንጹሕ ሆነ። እመቤትም «ንጹሕ» አለች፣ ጋሽ ኩምሳም «ንጹሕ» አለ። ረቡዕ ሁለተኛውም ንጹሕ። የሰፈሩ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የሚቆሙት፣ ረቡዕ ከሰዓት ላይ ወንበር ይዘው መጡ። እትዬ ዘነቡም ለኔ መደገፊያ ያለው ወንበር ሰጠችኝ። እኔ ግን ነገሮች በሰላም ሲሄዱ አይመቸኝም፣ ችግሬ እሱ ነው።

ኪሴ ውስጥ አንድ ነገር ነበር። አዳማ ላይ ለሽማግሌዎች የድሮ ሽታ የሚሸጥ ሰው አለ፤ የአዲስ ጋዜጣ ሽታ፣ የክብሪት ሽታ፣ እንደዚህ እንደዚህ። ከሱ ላይ ጫማዬን ሰጥቼ የጣት ጫፍ የምታህል ብልቃጥ ለወጥኩ። ቤንዚን ነው። ዓይንህን ያስለቅሳል። አሳቤ ቀላል ነበር። የጋሽ ኩምሳ ናሙና ውስጥ ሦስት ጠብታ ጠብ አደርጋለሁ፣ እሱ ሲያሸት ከወንበሩ ይዘላል፣ ሁላችንም እንስቃለን፣ ጠርሙሱን እደፋለሁ፣ ንጹሑን እሰጠዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ጠርሙስ ነው የሚቀዳው፣ አንዱ ለአፍንጫው፣ አንዱ ለእመቤት። የእመቤትን አልነካም። ሞኝ አይደለሁም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛውን ቀዳን። ማንም ሳያየኝ ሦስቱን ጠብታ የአፍንጫው ጠርሙስ ውስጥ ጠብ አደረግኩ። ሰፈሩ ከነወንበሩ መጥቷል። ጋሽ ኩምሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጠርሙሱን ከፈትኩ፣ እንደ ልማዴ በአፍንጫዬ ሥር አሳለፍኩት። አናቴን ነው የመታኝ። ሳቄ መጣ፣ ሊያመልጠኝ ነው፣ ግን ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቁም ነገረኛ ሆኜ አላውቅም።

ጋሽ ኩምሳ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሳበ። ደግሞ ሳበ።

«ንጹሕ» አለ።

ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ፣ አውቆብኝ ነው፣ አሁን ዞሮ ጉድ ያደርገኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጠርሙሱን መለሰልኝና አፍንጫውን በመሐረቡ አበሰ። በቃ። ጠርሙሱን ይዤ ወደ በረዶ ሣጥኑ ሄድኩ፣ ቦታውን ሳላይ ከተትኩት፣ ሰሚራም መጥታ ከሣጥኑ አንዱን አንስታ ለእመቤት ሰጠቻት።

ቤንዚን ያለበትን ጠርሙስ የእመቤት ጠርሙስ ቦታ ላይ እንደከተትኩት ያወቅኩት እሷ ስትናገር ነው።

«ውድ ነዋሪዎች፣ በሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ቤንዚን ተገኝቷል። ምስክር አፍንጫ ንጹሕ ብለዋል። ልዩነት ሲፈጠር የሚወሰደው ጥንቃቄ ያለበት ውጤት ነው። የቅሬታ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ነው። መልካም ቀን።»

የሲሚንቶ መኪናው መብራቱን አበራና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፣ ቢብ፣ ቢብ እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ የእትዬ ዘነቡን የልብስ ገመድ እንዳይነካ ዝቅ ብሎ። እሷ ከእኛ መሃል መደገፊያ ያለውን ወንበር አነሳች፣ ሄዳ የጉድጓዷ ክዳን ላይ አስቀመጠችው፣ ተቀመጠችበት።

«እባክዎ ይነሱልኝ» አላት መኪናው።

«አልነሳም።»

«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለና አጠገቧ ቆሞ በርሜሉን ማዞሩን ቀጠለ። ጎኑ ላይ ቁጥር በራ፤ ሃያ ሰባት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ቢሮው ሰው አንሺ እንደሚልክ ሁሉም ያውቃል።

ጋሽ ኩምሳን በክንዱ ይዤ ሻወሩ ጀርባ ወሰድኩት።

«ምን ጨመርክበት?» አለኝ፣ እኔ ሳልናገር።

«ቤንዚን። ሦስት ጠብታ። ለጨዋታ ነበር እኮ ጋሼ። እንዴት ሳይሸትህ ቀረ?»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው» አለ።

«ማን?»

«አፍንጫዬ ነዋ። ጉንፋን ያዘኝ፣ ለቀቀኝ፣ እሱ ግን አልተመለሰም።»

ነጭ ሽንኩርቱ ትዝ አለኝ። «ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ቦታ ፈርመሃል። አንዴም ከእመቤት አልተለያየህም።»

«አንተን እያየሁ ነው የፈረምኩት» አለ። «ጠርሙስ ስትከፍት ትንሽ ነገር እንኳ ከሸተተህ ግራ ቅንድብህ ትነሳለች። አንተ አታውቀውም። እኔ አፍንጫዬን እንዳመንኩት ነው እሷን ያመንኳት፣ ዋሽታኝ አታውቅም። ዛሬ አልተነሳችም።»

«ዛሬማ ይዣት እኮ ነው» አልኩት።

ከግድግዳው ማዶ የበርሜሉ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ኩምሳ ሄደህ እውነቱን ንገራቸው አለኝ፣ የኔን ተወው፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ሴትዮዋ ሲሚንቶ ሥር ተቀምጣለች አለ። ተነስቼ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ሒሳብ ለዚህ በቃኝ። የጋሽ ኩምሳ አፍንጫ ሞቷል ካልኩ፣ የፈረመባቸው ሃያ ስድስቱ ቦታዎች ፊርማቸው ይሰረዛል። የተሰረዘ ደግሞ ቀይ ነው። ሃያ ስድስት የሲሚንቶ መኪና መብራቱን ያበራል። ቤንዚን ጠብ አድርጌ ነበር ብልም ያው ነው፣ ታዲያ ምስክሩ እንዴት ንጹሕ አለ ይላሉ። እንግዲህ የኔን ጥፋት ነግሬ የሱን አፍንጫ የማልነካበት መንገድ ያስፈልገኝ ነበር። ውሸት ላይ ማንም አይበልጠኝም፣ ግን ይሄኛው ውሸት ስሜን የሚበላ ነበር።

ኢንጂነር ሰሚራ እመቤት አጠገብ ቆማ ጣቷን የቅሬታ ቅጹ ላይ አድርጋ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ሰፈሩ በሙሉ አለ።

«ኢንጂነር» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ዘንጎቹን ግሪስ ቀብቻቸዋለሁ። ለአፍንጫ አይሸትም፣ ለእመቤት ግን ይታያታል።»

የመኪናችን ሾፌር… ማለቴ መኪናችን የሚነግራትን የምትነግረን ልጅ፣ ቃልኪዳን፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንደዚያ የምታደርገው ለሞት ብቻ ነው።

ሰሚራ አልደነገጠችም። «ግሪስ ቤንዚን ተብሎ አይነበብም ዳጊም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«አሮጌ ግሪስ ነው።»

«አሮጌ ግሪስ።»

«በጣም አሮጌ።»

እኔን አየችኝ። ከሻወሩ ጀርባ የመጣውን ጋሽ ኩምሳን አየችው፣ ጫማውን እያየ ነበር። ከዚያ ክዳን ላይ የተቀመጠችውን እትዬ ዘነቡን አየቻት። ቅጹ ላይ የሠራተኛ ስህተት የሚለው ሥር ሰባት ምርጫ አለ፤ የእጅ ቅባት፣ ሽቶ፣ ቅቤ፣ ሲጋራ፣ ግሪስ፣ የወደቀ ጠርሙስ፣ ሌላ። «ሌላ» ከተነካ መርማሪ ይመጣል።

«ቀልድ የሚል ምርጫ የለውም» አለች ለራሷ፣ እኔ ብቻ ሰማሁ። ግሪስ የሚለውን ነካችው።

«ውድ ዳጊም፣ ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን» አለች እመቤት። «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ብሎን መንካት አይፈቀድልዎትም። ጉድጓዱ ተጠርጎ ነገ ጠዋት በድጋሚ ይቀዳል። መልካም ቀን።»

የሲሚንቶ መኪናው መብራቱን አጠፋ። ከቦታው ግን አልተነቃነቀም።

አሥራ ስድስቱን ዘንግ ግቢው መሃል፣ ሰው እያየ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እንዳጥብ ተፈረደብኝ። የጀሪካን ውሃ ነው፣ ሰው ከሚጠጣው የተዋጣ፣ ስለዚህ ሁሉም የራሱን ሊትር እየተከታተለ ነው የሚያየኝ። አሥረኛው ዘንግ ላይ አንዱ ሽማግሌ «ግሪሴ፣ ይቺን አልፈሃታል» አለኝ። ጀመረች በቃ። ማታ ላይ መንገድ ስሻገር ከማዶ ያለች ሴት ሳይቀር በዚያ ስም ጠራችኝ፣ አይታኝም አታውቅም። እትዬ ዘነቡ ከወንበሯ ሳትነሳ የልብስ ሳሙና ወረወረችልኝ።

«አንተ ልጅ» አለችኝ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሾፌር ያጠብኩ ሰው ነኝ። ግሪስ ያለበትን ብረትና የሌለበትን ብረት አውቃለሁ።»

ሳሙናውን አንስቼ ማሸት ቀጠልኩ።

«እሺ፣ እጠበው» አለች። «ላዩን ላዩን ብቻ አትዳብሰው።»

ፓምፑ ሦስተኛውን ጉድጓድ ሲጠርግ ዋለ። ብሎን ስለማልነካ ውሃው ጠርቶ እስኪመጣ ቆሜ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። ጠዋት እመቤት ያገኘችው ቤንዚን የብልቃጡ ነው፣ እሱ ሄደ። ግን ከሥር ያለው ውሃ ራሱ ምን እንደሚል ማንም አላሸተተውም። እኔም አላሸተትኩትም። ስድሳ ቤት ሰው ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ እኔ አበላሸሁበት እንጂ አላዳንኩትም።

ዓርብ ጠዋት ቀዱት። ሰሚራ ራሷ ሁለቱን ጠርሙስ ቀለም ቀባቻቸው፣ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ቢጫ፣ ቢጫውን ይዛ አለቀቀችውም። ነጩን ሰጠችኝ። ጠርሙስ ብሎን አይደለም፣ መክፈት አልተከለከልኩም። ጋሽ ኩምሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እትዬ ዘነቡ ክዳኗ ላይ ናት፣ የሲሚንቶ መኪናው አጠገቧ፣ ሁለቱም እኔን እያዩ።

ክዳኑን ያዝኩት፣ መክፈት ግን አቃተኝ። ፈገግ ብል ጋሽ ኩምሳ ንጹሕ ይላል፣ እመቤት ደግሞ ቀይ ካለች ያው ነው። ቅንድቤን ባነሳ አንድ አሮጊት በውሸት ቤቷን ታጣለች። ፊቴን በምንም መንገድ መጠቀም አልቻልኩም። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ለማታለል ያሠለጠንኩት ፊት ነው፣ አሁን ዝም ብሎ ፊት እንዲሆን ነው የሚፈለገው። በውስጤ ለግራ ቅንድቤ «እንደፈለግሽ ሁኚ፣ እኔ የለሁበትም» አልኳትና ከፈትኩት። በአፍንጫዬ ሥር አሳለፍኩት። እንደ ወትሮው ቶሎ አላሳለፍኩትም፤ አቁሜ ሳብኩት፣ እስከ ሆዴ።

ድንጋይ ድንጋይ አለ። እርጥብ ድንጋይ። ሌላ ምንም የለውም። ደግሞ ሳብኩ። ድንጋይ ነው።

ጋሽ ኩምሳ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አላነሳም። ጠርሙሱን ተቀበለኝ፣ ለወጉ ሳበ፣ መለሰልኝ።

«ንጹሕ» አለ።

እመቤት ስድስት ደቂቃ ወሰደች።

«ውድ ነዋሪዎች፣ በሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ምንም አልተገኘም። ውሃዎን በደስታ ይጠጡ። መልካም ቀን።»

የሲሚንቶ መኪናው እትዬ ዘነቡን «መልካም ቀን» ብሏት፣ የልብስ ገመዱን ዝቅ ብሎ አልፎ፣ መንገዱ ላይ ወጣና ከሰልፉ ገባ። በርሜሉ አሁንም እየዞረ ነው። የሆነ ቦታ ይጠብቁት ይሆናል።

እትዬ ዘነቡ ሪባኑን በጥርሷ በጠሰችው። ሰው ባልዲ ይዞ ሊሻማ ሲል በእጇ አስቆመችና ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «መጀመሪያ ግሪሴ ይታጠብ» አለች። ሰፈሩ ሳቀ። አራተኛው ክፍል አስገብታ በሩን ከውጭ ያዘችው። ቧንቧው መጀመሪያ ሳለ፣ ቀጥሎ የአራት ወር ዝገት ተፋብኝ፣ ቀጥሎ ውሃ መጣ። ቀዝቃዛ። ውጭ ያሉት መጮኼን ሲሰሙ አጨበጨቡ። አፌን ከፍቼ ጠጣሁትም። ድንጋይ ድንጋይ ይላል፣ ልክ ነበርኩ።

አዳማ ስንመለስ ከቆፋሪነት መባረሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ሰሚራ አነበበችልኝ። የጋሽ ኩምሳም ደብዳቤ ነበር፣ በገዛ እጁ የጻፈው፣ ዕድሜዬ ደርሷል የሚል። ከሥሩ በኔ ቦታ ይህ ልጅ ይፈተን የሚል መስመር አለበት። እንዴ ጋሼ፣ ስሜ ግሪሴ ነው፣ ማን ያምነኛል አልኩት።

«ሁለት ዓመት ሳታውቀው ሠርተኸዋል» አለኝ። «አሁን እያወቅክ ሥራው። ቅንድብህን እንዳትይዛት ብቻ።»

ብልቃጧን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። መሬት ላይ ይደፋዋል ብዬ ነበር። ክዳኗን ከፈተ፣ በአፍንጫው ሥር አደረጋት፣ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም እንደማይሸተው ሁለታችንም እናውቃለን። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየ።

«ሰልፉ ታየኝ» አለ።

ፈተናው አምስት ጠርሙስ ነበር። አምስቱንም አወቅኩ፣ አንደኛው ሻይ ነበር፣ ፈታኞቹም ይቀልዳሉ ማለት ነው። ከዚያ ለመታወቂያው ፎቶ ልነሳ ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ምሳውን ዶሮ በልቶ ነው መሰለኝ እጁን በደንብ አልታጠበም፣ ሲጠጋኝ ሸተተኝ።

«ቅንድብህን አውርዳት» አለኝ።

«አልወርድ አለችኝ» አልኩት።

«ግድ የለም፣ እሷ አትታይም» አለና አነሳኝ። እውነቱን ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው አፍንጫዬ ነው፣ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ ከነማኅተሙ። ሥራውን የምትሠራው ፎቶው ውስጥ የለችም።